በመኪና በር ላይ የወጣን ትንሽ ስርጉድ ቀለሙን ሳይነኩ ማቃናት

በጠባብ ማቆሚያ ውስጥ ከጎን የቆመ መኪና በሩን በኃይል ሲከፍት፣ በመንገድ መጨናነቅ መሃል ባጃጅ ሲታከክ ወይም በክረምት ጠጣር በረዶ ሲወርድ በበር ላሜራ ላይ የሚቀረው ስርጉድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ብር ሳንቲም ብዙም አይሰፋም። እንዲህ ያለው ስርጉድ ወደ ጋራዥ ሲወሰድ ግን የሚደረግለት ጥገና ከጉዳቱ ጋር አይመጣጠንም። ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ ይፋቃል፣ ጉድጓዱ በስቱኮ ይሞላል፣ ስቱኮው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ከዚያም አዲሱ ቀለም ከአሮጌው እንዳይለይ ሲባል በሩ በሙሉ፣ አንዳንዴም አጠገቡ ያለው ፓራፋንጎ ጭምር ይቀባል። የአውራ ጣት ጫፍ ለምታህል ጉድጓድ ሲባል የአንድ በር የፋብሪካ ቀለም እንዳለ ይጠፋል። እኔ ይህን ብክነት ከብዙ መኪኖች ላይ አይቼ ስላዘንኩበት፣ ቀለሙ ያልተሰነጠቀ ትንሽ ስርጉድ ከውስጥ በመግፋት ወይም ከውጭ በመሳብ እንዴት እንደሚቃና የተማርኩትን እዚህ በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

የፋብሪካ ቀለም ይህን ያህል ሊሳሱለት የሚገባው አንዴ ከተነሣ በጋራዥ መልሶ ማግኘት ስለማይቻል ነው። በፋብሪካ ውስጥ የመኪናው አካል ሞተርም ሆነ ወንበር ሳይገጠምለት፣ ባዶ ብረት ሳለ፣ ዝገት በሚከላከል ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል ይለበጣል፤ በላዩ የሚደረቡት ቀለሞችና አንጸባራቂው ቨርኒሽም 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ሙቀት ይጋገራሉ። ተገጣጥሞ ያለቀን መኪና፣ ፕላስቲኩና ሽቦው በውስጡ እያለ፣ በዚህ ሙቀት ማድረቅ አይቻልም፤ ጥሩ የማድረቂያ ክፍል ያለው ጋራዥ እንኳ የሚጠቀመው 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። የፋብሪካው ቀለም ድርብርብ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ይኸውም ከአንድ ወይም ከሁለት ቅጠል የጽሕፈት ወረቀት አይበልጥም። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው በሩን በጣቱ እያንኳኳ የሚያዳምጠውና ማግኔት እያስጠጋ የሚሞክረውም ይህ ስስ ሽፋን እንዳለ መኖሩን፣ ወይም በስቱኮ መተካቱን ለማወቅ ነው።

የትኛው ስርጉድ በዚህ መንገድ ይቃናል?

መሣሪያ ከመነሣቱ በፊት በሩ ታጥቦ መድረቅና ስርጉዱ በደንብ መመርመር አለበት። በጥፍርዎ ስርጉዱን ዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ ጥፍሩ የሚያዝበት ስንጥቅ ካለ ወይም በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ከተሰነጣጠቀ፣ ብረቱ ቢቃናም ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ዝገት ስለሚያስነሣ ሥራው የቀለም ሠሪ ነው። ከበሩ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ያለ ስርጉድም አይመችም፤ በዚያ ቦታ የውጭው ላሜራ በውስጠኛው ላይ ታጥፎ ስለተያዘ ዘንግ የሚገባበት ክፍተት የለም። በበሩ ላሜራ ላይ ለቅርጽ ተብሎ በታጠፈው ሹል መስመር ላይ ያረፈ ስርጉድ ደግሞ ለሠለጠነ እጅ እንኳ አስቸጋሪ ነው፤ ጀማሪ ባይነካው ይሻላል።

ማግኔት ያስጠጉ። ማግኔቱ የማይይዝ ከሆነ በሩ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲገፉት ከብረት ይልቅ እየነጠረ ወደነበረበት ስለሚመለስና በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ መለማመጃ ሊሆን አይገባም። በአንዱ ቦታ ጠንክሮ ይዞ በሌላው ቦታ የሚላላ ከሆነ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ ስቱኮ ከብረቱ ጋር ስለማይተጣጠፍ ሲገፋ ይፈነቀላል። በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት «ቷ» እያለ ገብቶ የሚወጣ ላሜራ ደግሞ ብረቱ ተለጥጧል ማለት ነው፤ የተለጠጠ ብረት ትርፉን የሚያሳርፍበት ቦታ ስለሌለው በመግፋት ብቻ አይረጋም።

ከእነዚህ ሁሉ ነጻ የሆነ፣ ክብ ወይም ሞላላ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ስርጉድ ካገኙ ተስፋ አለው።

ብረቱ ምን እንደሆነ መረዳት

አብዛኛው ሰው ስርጉድን የሚያስበው እንደ ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ መሃሉን ከውስጥ በኃይል ገፍቶ ለማውጣት ይሞክራል። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ጉድጓዱ በነበረበት ቦታ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሹል ጉብታ ወጣች፣ ቀለሙም በአናቷ ላይ ተሰነጠቀ። ስሕተቱ የጉልበት ማነስ ወይም መብዛት ብቻ አልነበረም፤ ብረቱ እንዴት እንደተጎዳ ሳልረዳ መጀመሬ ነበር።

የበር ላሜራ ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ነገር ሲመታው መሃሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የተገፋው ብረት ግን መሄጃ ስለሚያስፈልገው በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ ዝቅተኛ ጉብታ ሠርቶ ይነሣል። ይህ ቀለበት በዐይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መዳፍዎን ቀጭን የጥጥ ጨርቅ አልብሰው በስርጉዱ ላይ ሲያንሸራትቱ ይሰማዎታል። በጉድጓዱ መሃልና በቀለበቱ ላይ ያለው ብረት ከመጠን በላይ ታጥፎ የጠነከረ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ክፍል ግን ሊመለስ እየፈለገ በእነርሱ ታስሮ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የሥራው ቁልፍ እስሩን መፍታት ነው፦ ቀለበቱ ከውጭ በትንሽ በትንሹ ሲወርድ፣ መሃሉም ከውስጥ በትንሽ በትንሹ ሲነሣ፣ የታሰረው ክፍል በራሱ ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥሩ ሠራተኛ ከስርጉዱ ግማሽ ያህሉን በቀጥታ ሳይነካው የሚያቃናው በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያና ብርሃን

ለመግፊያ የሚያገለግለው ጫፉ የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው። የተዘጋጀ መሣሪያ ካላገኙ፣ ብየዳ ቤት 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ቶንዲኖ በ60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቆርጠው ጫፉን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን እንዲያጥፉልዎ ማድረግ ይችላሉ፤ በሌላው ጫፍ መያዣ የሚሆን አጭር ዘንግ በዚያው በታጠፈው ጫፍ አቅጣጫ ይበየድ፤ ዘንጉ በበሩ ውስጥ ሆኖ ሳይታይዎ ጫፉ ወዴት እንደዞረ ከመያዣው ያውቃሉ። የሚገፋው ጫፍ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት እንደ ጣት ጫፍ ዱልዱም ሆኖ መለስለስ አለበት። ለጀማሪ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ናስትሮ ማጠንጠን ብረቱን ከመወጋት ያድናል።

ጉብታ ለማውረድ ጫፉ የደነዘዘ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከወይራ እንጨት የተጠረበ፣ የእርሳስ ርዝመት ያለው በትርና ቀላል መዶሻ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ብርሃን ነው፤ ሥራው የሚሠራው በበሩ ላይ በሚታየው ነጸብራቅ እንጂ በበሩ ቀለም ላይ በማፍጠጥ አይደለም። አንድ ነጭ ካርቶን ወስደው በላዩ ጥቁር ናስትሮ በ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቀጥ ቀጥ አድርገው ይለጥፉና ከስርጉዱ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ በጎን በኩል እንዲቆም ያድርጉ፤ ብርሃን በካርቶኑ ላይ ይብራ። ቁመተ ረጅም የኤልኢዲ ወይም የፍሎረሰንት መብራትም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

አሁን ከካርቶኑ ተቃራኒ ጎን ቆመው የጥቁሮቹን መስመሮች ምስል በበሩ ላይ ይመልከቱ። ላሜራው ደህና በሆነበት ቦታ መስመሮቹ እኩል ተራርቀው ያልፋሉ። ብረቱ ዝቅ ባለበት ቦታ መስመሩ ይሰፋል፣ ይለጠጣል፤ ከፍ ባለበት ቦታ ደግሞ ይቀጥናል፣ እርስ በርሱም ይቀራረባል። ዐይን ይህን ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የራስዎን መኪና ከመንካትዎ በፊት ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ቦታ የተጣለ ኮፈን ወይም በር አግኝተው፣ ስርጉድ እያወጡ መስመሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ ቢለማመዱ ከየትኛውም ምክር ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ኮፈን በተለይ ይመቻል፤ ጀርባው ክፍት ስለሆነ ዘንጉ የት እንዳለ እያዩ መግፋት ይችላሉ።

ወደ ብረቱ ጀርባ መድረስ

ወደ በር ውስጥ የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ፣ መስታወቱ በሚወርድበት ቀዳዳ በኩል ነው። መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ዝቅ ያድርጉ፤ በቀዳዳው ዳር ያለውን የጎማ ጥብጣብ በጥንቃቄ ያንሡ፤ ከዚያም በመስታወቱና በውጭው ላሜራ መካከል መጀመሪያ ጠንካራ ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ያስገቡ፣ ቀጥሎም ቀዳዳውን የሚያሰፋ በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ሽብልቅ ያስቀምጡ። ሰሌዳው ከሌለ ዘንጉ መስታወቱ ላይ ተደግፎ ይሰብረዋል። ይህ መንገድ ፈጣን ነው፤ ለበሩ የላይኛው ግማሽ ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ የውስጥ ሽፋኑን አውርዶ መግባት ሲሆን ለመካከለኛውና ለታችኛው ክፍል የሚሻለው ይህ ነው። መስታወቱ በዚህ ጊዜ ወደ ላይ ይውጣ፤ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ከእጅ መደገፊያውና ከመክፈቻው ጀርባ የተደበቁትን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ፣ ከዚያም ሽፋኑን በዙሪያው የያዙትን ክሊፖች ብረት ባልሆነ መፈልቀቂያ አንድ በአንድ ያላቁ። በኃይል አይሳቡ፤ ክሊፖቹ በቀላሉ ይሰበራሉ፣ ከጀርባውም የመስታወት ማዘዣና የድምፅ ማጉያ ሽቦ አለ። የጎን ኤርባግ ባላቸው መኪኖች አንዳንዶቹ ግጭትን የሚያውቅ መሣሪያ በበሩ ውስጥ ስላላቸው፣ ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ቁልፉን አጥፍተው የባትሪውን አሉታዊ ገመድ ማላቀቅና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ከሽፋኑ ኋላ በሚያጣብቅ ጥቁር ሙጫ የተለጠፈ የፕላስቲክ ወረቀት ያገኛሉ። ብዙ ሰው ትርፍ መስሎት ቀድዶ ይጥለዋል። ይህ ወረቀት በመስታወቱ ጎን የሚገባው የዝናብ ውኃ ወደ መኪናው ክፍል እንዳያልፍ አግዶ ከበሩ ሥር ባሉት ማፍሰሻ ቀዳዳዎች እንዲወጣ የሚያደርገው ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ጎን ብቻ በዝግታ ያንሡት፣ ሙጫውም አቧራ እንዳይነካው ይጠብቁ። ከውስጥ በኩል የበሩን ርዝመት ይዞ የሚያልፍ ወፍራም ብረት የጎን ግጭት መከላከያ ስለሆነ አይታጠፍም፣ አይቆረጥምም፤ ከስርጉዱ በስተጀርባ በትክክል እርሱ ከተገኘ ዘንጉን በእርሱና በላሜራው መካከል ማሾለክ ወይም ወደ መሳቢያው ዘዴ መሄድ ነው።

መግፋት

ቀለሙ ሲሞቅ ይለዝባል። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ውስጥ የቆመን በር ወዲያው መግፋት ቀለሙን ማሰንጠቅ ነው። በጸጉር ማድረቂያ ከ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት እያዘዋወሩ፣ የእጅ ጀርባ ሊታገሠው እስከሚችል ድረስ ያሙቁት፤ ከዚያ በላይ ሙቀት ጥቅም የለውም።

ዘንጉን አስገብተው ከስርጉዱ ራቅ ካለ ቦታ ጀምረው በጣም በስሱ ላሜራውን ይነካኩ፤ በነጸብራቁ መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ስትንቀሳቀስ ያያሉ። ያች ነጥብ የዘንግዎ ጫፍ ናት። ነጥቧን ሳያዩ መግፋት በጨለማ ልብስ መስፋት ስለሆነ፣ እስክትታይዎ ድረስ ኃይል አይጨምሩ። ነጥቧን እየተከተሉ ወደ ስርጉዱ ዳር ያምጧትና ከዚያ ይጀምሩ። ከዳር ወደ መሃል፣ ዙሪያውን እየዞሩ፣ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይግፉ፤ አንዱ ግፊት የሚያመጣው ለውጥ በዐይን ለመለየት የሚያዳግት መሆን አለበት። አንዱ ግፊት በግልጽ ከታየዎ በዝቷል። የገፉትን ቦታ ለቅቀው ይመልከቱ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ይግፉ።

ዘንጉ የሚደገፍበት የቀዳዳ ጠርዝ በጨርቅ ይሸፈን፤ ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከዘንጉ ማንሻነት ስለሆነ፣ ድጋፉ ከጫፉ ሲርቅ ቁጥጥርዎ ያንሳል። በየአሥር አሥራ አምስት ግፊቱ ቆም ብለው ቀለበቱን በእንጨት በትሩና በመዶሻው በስሱ ያንኳኩት፤ መስመሩ ቀጥኖ የሚታይበት ቦታ ላይ ብቻ። አንድ የሳንቲም ስፋት ያለው ስርጉድ በዚህ አኳኋን በመቶ የሚቆጠር ግፊት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ የሁለት ሦስት ሰዓት ሥራ ነው። ወገብና ዐይን ሲደክሙ ማቆም ይገባል። የተበላሹ በሮችን ሳይ ብዙዎቹ የተበላሹት «አንዴ ብቻ ጨምሬ ልግፋው» በተባለበት በመጨረሻው ሰዓት ይመስለኛል። በጥቂቱ ዝቅ ያለ ቦታ ነገም ይገፋል፤ ከመጠን በላይ የወጣና የሾለ ብረት ግን ተለጥጧል፣ መልሶ ማውረዱም ከመጀመሪያው ስርጉድ ይልቅ ይከብዳል።

ከውጭ መሳብ

ዘንግ የማይደርስበት ስርጉድ በሙጫ ይሳባል። ለዚህ የሚያስፈልጉት በሙቀት የሚቀልጥ የሙጫ ዘንግና መተኮሻው፣ ጫፋቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ትንንሽ የፕላስቲክ መሳቢያ ቁልፎች፣ እግሮቹን በደህናው ላሜራ ላይ አሳርፎ ቁልፉን ወደ ውጭ የሚስብ ትንሽ ማንሻ፣ እንዲሁም ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ናቸው። በሩ ከዚህ በፊት በጋራዥ ተቀብቶ ከሆነ ይህን ዘዴ ባይሞክሩት እመክራለሁ፤ በሚገባ ያልያዘ ቀለም ከሙጫው ጋር ተላቅቆ ይወጣል።

ቦታውን በአልኮል ጠርገው ያድርቁ፤ ሰም ወይም ቅባት ካለ ሙጫው አይዝም። ከስርጉዱ በጥቂቱ የሚያንስ ቁልፍ መርጠው ሙጫ ቀብተው በመሃሉ ያስቀምጡ፣ ሙጫው ለብ እስኪል ይጠብቁ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ሙጫው ስለሚለሰልስ በጥላ ሥር ወይም በማለዳ መሥራት ይበጃል፤ በደጋ ብርድ ደግሞ በፍጥነት ጠንክሮ ሳይዝ ስለሚላቀቅ ላሜራው በቅድሚያ ይሙቅ። ማንሻውን በዝግታ ያጥብቁ፤ ቁልፉ ሲላቀቅ ብዙ ጊዜ መሃሉ በትንሹ ተነሥቶ ያገኙታል። ተሟጥጦ ያልወጣ ሙጫ ካለ ዳሩ ላይ አልኮል ጠብ አድርገው ጥቂት ሰከንድ ከጠበቁ በኋላ በጣት ይገፈፋል፤ በቢላዋም ሆነ በካቻቢቴ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። ከእያንዳንዱ መሳብ በኋላ መስመሮቹን ያንብቡ፣ የተነሣውን በበትሩ ያውርዱ፣ እንደገና ይሳቡ። በሙጫ የተሳበ ስርጉድ ፍጹም እስኪሆን ድረስ መሄድ አስቸጋሪ ነው፤ ከአምስት እጅ አራቱ ከጠፋ በዚያ መርካት ብልህነት ነው።

የፈላ ውኃ አፍስሶ የሽንት ቤት መምጠጫ ጎማ መለጠፍን ብዙዎች ይጠይቁኛል። በፕላስቲክ ባምፐር ላይ ይሠራል፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ጠባይ አለው። በብረት በር ላይ ግን የሚመልሰው ሰፊና ለስላሳ የሆነ፣ ብረቱ ያልተቆለመመበት ስርጉድን ብቻ ነው፤ ትንሹንና ጠርዝ ያለውን አይነካውም። በሩን አሙቆ በረዶ ማስጠጋትም እንዲሁ ነው፤ ድንገተኛው የሙቀት ለውጥ ቨርኒሹን ሊያሰነጥቀው ስለሚችል ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ከጨረሱ በኋላ

በካርቶኑ መስመር ላይ እኩል የሆነ በር በሌላ አቅጣጫ ሲታይ ስሕተቱን ሊያወጣ ይችላል፤ ካርቶኑን አግድም ካዩበት ወደ ቁመት አዙረው ይድገሙት። በትሩ የተወው ቀላል ጭረት ካለ በለስላሳ ጨርቅና በማጽጃ ፖሊሽ በስሱ ይታሻል፤ የብርጭቆ ወረቀት ማንሣት አያስፈልግም። ከውስጥ በኩል ዘንጉ የጫረው ቦታ ላይ አንቲሩጂን ወይም ለበር ውስጥ የሚረጭ ሰም ይቀቡ፣ አለበለዚያ ዝገቱ ከጀርባ ይጀምራል። የፕላስቲክ ወረቀቱን በሙጫው መስመር ላይ በደንብ ተጭነው ይመልሱ፣ ሽቦዎቹን አገናኝተው ባትሪውን ከማሰርዎ በፊት ምንም የቀረ ማያያዣ አለመኖሩን ይቁጠሩ፣ መስታወቱን ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥተው አውርደው ይሞክሩ። ከዚያም መኪናውን በማግሥቱ ጠዋት፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው፣ አምስት እርምጃ ርቀው ይመልከቱት፤ ከዚያ ርቀት የማይታይ ስርጉድ ካለ ላሜራውን ዳግመኛ አይንኩት።